ዎርድ ለመማር የቱ ይሻላል? ማሰልጠኛ፣ ኮሌጅ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ዩቲዩብ ወይስ ስልክ (ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው)

"ቤዚክ ኮምፒውተር የት ልማር" የሚለው ጥያቄ ክረምት ሲገባ ይበዛል፣ አስራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትነው ውጤት የሚጠብቁ ልጆች አሉ፣ "ዝም ብሎ ከሚቀመጥ" ብሎ ልጁን የሚያስመዘግብ ወላጅ አለ፣ የመንግስት ሰራተኛውም ጸሐፊዋ ስትቀየር ደብዳቤ ራሱ መጻፍ ግድ ሲሆንበት ነው የሚነቃው። ደሴ ላይ ከፒያሳ ወደ ቧንቧ ውሃ ስትሄዱ ፎቅ ላይ የተሰቀለው ባነር ሁሉ የሚያወራው አንድ አይነት ነው፣ ዊንዶውስ ዎርድ ኤክሴል ፓወርፖይንት፣ ሰርተፍኬት እንሰጣለን፣ በቃ። ኮምቦልቻም ያው ነው። በባነር መምረጥ ስለማይቻል መጀመሪያ መለኪያ እናውጣ፣ ከዛ እያንዳንዱን መንገድ በሱ እንየው። የማንንም ማሰልጠኛ ስም አልጠራም፣ ዋጋም አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት ዋጋ በሚቀጥለው ወር ውሸት ስለሚሆን። ዋጋውን እንዴት እንደምታወዳድሩ ግን አሳያለሁ።

መለኪያዎቹ

ከሁሉም በላይ የማየው አንድ ነገር ነው፣ እጃችሁ ኪቦርድ ላይ የሚቆይበት ሰዓት። ባነሩ ላይ ያለው ሰዓትና የእናንተ ሰዓት አይገናኙም። እንበልና ኮርሱ 40 ሰዓት ነው ተባላችሁ። አንድ ማሽን ለሁለት ሰው ከሆነ ለእናንተ የሚደርሰው 20 ነው። አሰልጣኙ ግማሹን ቦርድ ላይ ሲያስረዳ ወይ ኖት ሲያስገለብጥ ከዋለ 10 ቀረ። ኮርሱ አራት ፕሮግራም ከሆነ ደግሞ ለዎርድ የምትተርፈው ሁለት ሰዓት ተኩል ናት፣ እሷም መብራት ካልሄደ። እንግዲህ ክፍያውን ለ40 ሳይሆን ለዚች ቁጥር አካፍሉት፣ የአንድ ሰዓት እውነተኛ ዋጋ እሱ ነው። ርካሽ የተባለው ቤት ውድ ሆኖ ሲገኝ ታያላችሁ።

ሁለተኛው፣ ስትሳሳቱ የሚያያችሁ ሰው አለ ወይ የሚለው ነው። ዎርድ ላይ ስህተት ብዙ ጊዜ አይታይም፣ ስክሪኑ ላይ ያምራል፣ ሌላ ማሽን ላይ ሲከፈት ነው ጉዱ የሚወጣው። ሶስተኛ፣ አማርኛ መጻፍ ያስተምራሉ ወይ? ብዙዎቹ በእንግሊዝኛ ብቻ አስተምረው ይለቃሉ፣ እዚህ አገር ግን ቢሮ ውስጥ ከሚጻፈው አብዛኛው አማርኛ ነው። አራተኛ ወረቀቱ፣ ማለትም ሰርተፍኬት ያስፈልጋችኋል ወይስ ችሎታው ብቻ ይበቃል። አምስተኛ ወጪው ከነትራንስፖርቱ፣ ምክንያቱም ኮምቦልቻ እየኖራችሁ ደሴ ከተመዘገባችሁ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ዳገት በየቀኑ ሚኒባስ መክፈል ነው፣ ደርሶ መልሱን በኮርሱ ቀን አባዙትና ከክፍያው ላይ ደምሩት።

በየትኛው ፕሮግራም?

ይሄን ቶሎ እንለፈው፣ ሰው ከሚገባው በላይ ይጨነቅበታል። ቢሮም ፎቶ ኮፒ ቤትም ያለው ማይክሮሶፍት ዎርድ ስለሆነ ስራ ፈላጊ እሱን ይልመድ፣ አለቀ። ስሪቱ 2010 ይሁን 2016 ለጀማሪ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2007 ስሪት ነው፣ ከላይ ያለው ሜኑ ወደ ሪበን (ምልክቶች ወደተደረደሩበት ሰፊ መደዳ) የተቀየረውና ፋይሉም ከዶክ ወደ ዶክኤክስ የሄደው ያኔ ነው። ስለዚህ ማሰልጠኛው የሚሰጣችሁ ሃንድአውት "ፎርማት ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ" እያለ የሚያስረዳ ከሆነ ከ2007 በፊት የተዘጋጀ ነው፣ እዛው መልሱለት።

ላፕቶፕ ኖሯችሁ ዎርድ ከሌላችሁ ክራክ (ሳይከፈልበት ቁልፉ የተሰበረ ዎርድ) ፍለጋ አትሂዱ፣ ከፍላሽ ፍላሽ የሚዞረው ክራክ ብዙ ጊዜ ቫይረስ ይዞ ነው የሚመጣው። ሊብሬ ኦፊስ ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሰራል፣ የዎርድ ፋይል ይከፍታል ያስቀምጣልም፣ ሰንጠረዥና ምስል የበዛበት ዶክመንት ላይ ግን አቀማመጡ ትንሽ ሊዛነፍ ይችላል። ደብሊው ፒ ኤስ መልኩ ዎርድን ይመስላል፣ ለደካማ ማሽን ይቀላል፣ ነጻው ላይ ማስታወቂያ አለ። ጉግል ዶክስ የጻፋችሁትን ራሱ ሴቭ ስለሚያደርግ መብራት ቢሄድም አትደነግጡም፣ ኔት ይፈልጋል እንጂ፣ ክሮም ላይ ኦፍላይን የሚለውን አስቀድማችሁ ካበራችሁት ግን ያለ ኔትም ትጽፋላችሁ። አንዱን በደንብ የያዘ ሰው ሌላውን በአንድ ከሰዓት ይለምደዋል።

አንድ ደብዳቤ ሁሉንም ይፈትናል

ወደ አማራጮቹ ከመግባታችን በፊት "መሰረታዊውን ቻልኩ" የሚባለው መቼ እንደሆነ እንስማማ፣ አለበለዚያ ማወዳደሪያ የለንም። ፈተናው አንድ ተራ የቢሮ ደብዳቤ ነው። ከላይ በቀኝ በኩል ቁጥር እና ቀን፣ ከዛ "ለ" ብሎ ተቀባዩ ከነከተማው፣ መሀል ላይ "ጉዳዩ፡-" ተሰምሮበት፣ ሁለት ሶስት አንቀጽ፣ "ከሰላምታ ጋር"፣ ታች ደግሞ "ግልባጭ" ከነዝርዝሩ።

አሁን ቁጥርና ቀኑን ወደ ቀኝ እንዴት ወሰዳችሁት? አብዛኛው ሰው ስፔስ ባሩን ተጭኖ ይዞ እስኪደርስ ይጠብቃል። ስክሪን ላይ ምንም አይልም። ያ ፋይል በፍላሽ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ ፎንቱ ሲቀየር ግን "ቀን" የሚለው ቃል እዛው ይቀርና የቀኑ አሃዝ ወደ ታች መስመር ይወርዳል፣ የ"ቁጥር" እና የ"ቀን" ሁለት ነጥቦችም አንዱ ከአንዱ አይገጥሙም። ትክክለኛው መንገድ ሁለቱን መስመር መርጦ ከላይ ያለውን ሩለር (ማስመሪያ የሚመስለውን) በማውስ አንዴ ነካ ማድረግ ነው፣ እዛ ቦታ ላይ ትንሽ የታብ ምልክት ትቀመጣለች፣ ከዛ በየመስመሩ መጀመሪያ ታብ የሚለውን ቁልፍ አንዴ መጫን፣ ሁለቱም መስመር አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፣ ፎንት ቢቀየርም አይነቃነቅም። ሩለሩ ካልታያችሁ ቪው ውስጥ ገብታችሁ አብሩት። በትክክል መጻፋችሁን ለማየት ሆም ላይ ያለችውን የተገለበጠች ፒ የምትመስል ምልክት ተጫኑ፣ እያንዳንዱ ስፔስ ነጥብ ሆኖ ይታያል፣ ነጥብ በነጥብ የሆነ ደብዳቤ ካያችሁ ያ ሰው ገና ነው። አሰልጣኝም በዚሁ መፈተን ይቻላል፣ እንዲያውም ሳትመዘገቡ ፈትኑት።

ሌላው የአማርኛ ፎንት ጉዳይ ነው። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል በሁሉም ማሽን ላይ አንድ አይነት ቁጥር የሚሰጠው ስርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ ነው፣ ከዛ በፊት የተሰሩ ፎንቶች የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ተውሰው ነበር የሚሰሩት፣ አሁንም በአንዳንድ ቢሮ አሮጌ ማሽን ላይ አሉ። በነሱ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት የተደባለቀበት ነገር ሆኖ ይወጣል፣ ሰውየው "ፋይሉ ተበላሸ" ይላል፣ ፋይሉ እኮ ምንም አልሆነም። ስለዚህ በዩኒኮድ ጻፉ፣ ኒያላ ወይ አቢሲኒካ ፎንት ተጠቀሙ፣ ለፕሪንት ስትልኩ ደግሞ ፒዲኤፍ አድርጉት። ለመጻፊያ ኪይማን ነጻ ነው፣ ኤል (l) ስትነኩ "ል"፣ ኢ (e) ስትጨምሩ "ለ" ይሆናል። ብዙ ቢሮ ፓወር ግዕዝ ነው ያለው፣ የአንዳንድ ፊደል ቁልፍ ስለሚለያይ የምትቀጠሩበት ቦታ የቱን እንደሚጠቀም ማወቅ ይጠቅማል። አማርኛው ስር ቀይ መስመር ቢሞላ ደግሞ አብሽሩ፣ ዎርዱ እንግሊዝኛ መስሎት ነው።

የግል ማሰልጠኛ

ጥሩ ጎኑ ሰዓት አለው፣ ተነስታችሁ ትሄዳላችሁ፣ ከፍላችኋልና ትሄዳላችሁ። ማሽን ለሌለው ሰው ማሽን ይሰጣል። የምሽትና የቅዳሜ እሁድ ፈረቃ ስላላቸው ኢንዱስትሪ ፓርክ ወይ ፋብሪካ የሚሰራ የኮምቦልቻ ሰው በሺፍቱ ልክ ሊያገኝ ይችላል።

መጥፎው ያው ከላይ ያሰላነው ሂሳብ ነው። ሌላም አለ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት በሙሉ የኮምፒውተር ጀነሬሽን ሲያስጽፉ የሚያልፉ ቤቶች አሉ፣ ፈርስት ጀነሬሽን ቫኪዩም ቲዩብ፣ ሰከንድ ጀነሬሽን ትራንዚስተር እያሉ። አንድ ዘመዴን የላክንበት ቤት እንደዛ ነበር፣ ደብተሩ ሞልቶ መጣ፣ ፋይል ሴቭ አድርግ ስንለው ግን የት እንዳስቀመጠው አያውቅም። ቫኪዩም ቲዩብ ማወቅ ክፉ አይደለም፣ ደብዳቤ ግን አይጽፍም።

ስትጠይቁ በደንብ ጠይቁ፦ ከሚሰሩት ማሽኖች አንጻር በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ አለ (የሚሰሩት ነው ያልኩት፣ በ2014ቱ ጦርነት ጊዜ ከተማው ውስጥ ብዙ ተቋም ተዘርፎ ማሽን አጥቷል፣ ያለውን በዓይን ማየት ነው)፣ ጀነሬተር አለ ወይ፣ መብራት የሄደበት ክፍለ ጊዜ ይካካሳል ወይ፣ ከክፍል ውጪ ገብቶ መለማመድ ይፈቀዳል ወይ። የመጨረሻዋ ጥያቄ ከሁሉም ትበልጣለች። ከክፍል ውጪ ማሽን የሚፈቅድ ቤት ትንሽ ቢወደድም እሱን ያዙ።

ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ

ደሴ ላይ ወይዘሮ ስህን ፖሊ ቴክኒክ፣ ኮምቦልቻም የራሱ ፖሊ ቴክኒክ አለው። ይሄ ዎርድ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ትልቅ ነው፣ መደበኛው ስልጠና በደረጃ የሚሄድ፣ ጊዜ የሚወስድ፣ መጨረሻው ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና ፈተና) የሆነ መንገድ ነው። ግን መንግስት ቤት በጸሐፊነት ወይ በአይሲቲ መቀጠር የሚፈልግ ሰው የሚጠየቀው የሲኦሲ ወረቀት እንጂ ከፎቅ ላይ የተሰጠ የሶስት ወር ሰርተፍኬት አይደለም፣ ይሄን ሳያውቅ ገንዘቡን የጨረሰ ሰው ብዙ ነው። የስራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ "ሲኦሲ ያለው/ያላት" የሚለውን አንብቡ። ለአጭር ስልጠና መቼና ምን እንደሚከፍቱ ሬጅስትራር ሄዶ በአካል መጠየቅ ነው።

በነገራችን ላይ በ2016 ዓ.ም ስለተጀመረው አምስት ሚሊዮን ኮደርስ ስለሚባለው የኢንተርኔት ስልጠናም ይጠየቃል። ነጻ ነው፣ ጥሩ ነው፣ ግን የሚያስተምረው ፕሮግራሚንግ፣ ዳታና አንድሮይድ የመሳሰለውን ነው፣ ዎርድ እዛ አትፈልጉ።

ፎቶ ኮፒ ቤት ተለማማጅ ሆኖ

እኔ ብጠየቅ ለፍጥነት የሚስተካከለው የለም። ሰው ቆሞ እየጠበቀ መጻፍ ጣትን ያፈጥናል፣ ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ የኪራይ ውል፣ የእድር ደብዳቤ፣ የማይመጣ ነገር የለም። ግንቦትና ሰኔ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ልጆች የመመረቂያ ጽሑፍ ይዘው ስለሚጎርፉ ሰው ሁልጊዜ ያጥራቸዋል፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴ ግቢም የኮምቦልቻው ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም አካባቢ። "በነጻ ላግዝና ልልመድ" ቢባሉ እምቢ የማይሉ አሉ፣ አንዳንዱ የምሳም ይሰጣል።

ችግሩ ቤቱ ራሱ የተጣመመ ልማድ ካለው እናንተም እሱን ይዛችሁ መውጣታችሁ ነው። ያ ስፔስ ባር የሚባለው በሽታ ከየት የሚመጣ ይመስላችኋል? የመመረቂያ ጽሑፍ ማውጫ ነጥብ በነጥብ በእጅ ሲደረደር አይቻለሁ፣ ከዛ አማካሪው አንድ ገጽ ጨምር ሲል ሁሉም የገጽ ቁጥር ይዛባል፣ ልጁ ተመልሶ ይመጣል፣ እንደገና ይከፍላል። ሄዲንግ ስታይል (ሆም ላይ ያለውን የርዕስ ቅርጽ) ተጠቅሞ ማውጫውን ዎርድ ራሱ እንዲያወጣ ማድረግና አፕዴት ማለት የአንድ ደቂቃ ስራ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱን ከነሱ ውሰዱ፣ ደንቡን ግን ከሌላ ቦታ አጣሩ። ሰርተፍኬት የለም፣ በጠዋት መግባት አለ፣ ደንበኛ ይቆጣል።

ዩቲዩብና የቤት ልምምድ

ላፕቶፕ ላለው ሰው በወጪ ይሄን የሚያክል የለም። በአማርኛ ዎርድን ከሀ እስከ ፐ የሚያስረዱ ተከታታይ ቪዲዮዎች ሞልተዋል፣ በሌሊት ጥቅል አውርዳችሁ ቀን ማየት ነው። ችግሩ ማየትና መስራት ይምታታል፣ ቪዲዮ ላይ ሲሰራ "ገብቶኛል" ይባላል፣ ማሽኑ ላይ ሲቀመጡ ባዶ። መፍትሄው ቪዲዮውን በየሁለት ደቂቃው አቁሞ ያንኑ መስራት ነው፣ ቪዲዮው ካለቀ በኋላ ሳይሆን።

ቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ፣ መጀመሪያ ያችን ደብዳቤ፣ ቀጥሎ የራሳችሁን ሲቪ በሰንጠረዥ (መስመሩን ደብቃችሁ)፣ ከዛ የእቁብ ወይ የሱቅ ዝርዝር በሰንጠረዥ፣ መጨረሻ አስር ገጽ የሚሆን ጽሑፍ ከነማውጫውና ከነገጽ ቁጥሩ። አራቱን ማንንም ሳትጠይቁ ከሰራችሁ መሰረታዊው አልቋል። የወረቀት መጠኑ ኤ4 መሆኑንም አረጋግጡ፣ ዎርድ ብዙ ጊዜ ሌተር ላይ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ኤ4 ሲታተም የገጹ አቆራረጥ የሚቀየረው ለዛ ነው። አውቶ ሪከቨሩም (ዎርድ ራሱ መጠባበቂያ የሚያስቀምጥበት) ካልነካችሁት በየ10 ደቂቃው ነው የሚያስቀምጠው፣ ለኛ መብራት ይሄ ብዙ ነው፣ ፋይል ከዛ ኦፕሽንስ ከዛ ሴቭ ገብታችሁ ወደ 2 አውርዱት፣ ኮንትሮል ኤስንም እጃችሁ ይልመደው።

የሚያርም ሰው ስለሌለ ግን የሰራችሁትን ለሚያውቅ ሰው በቴሌግራም ላኩ፣ ፒዲኤፉን ሳይሆን የዎርዱን ፋይል።

ስልክ

ዎርድ ስልክ ላይ በነጻ ይሰራል፣ ደብሊው ፒ ኤስም እንዲሁ። ለመነሻ አይናቅም፣ ቦልድ፣ አላይመንት፣ ሰንጠረዥ ማስገባት ሁሉ ይቻላል። ግን ሩለርና ታብ ላይ ሲደርስ ይቸግራል፣ በሁለት አውራ ጣት የተለመደ አጻጻፍም ለኪቦርድ አይጠቅምም። አንድ ዘዴ አለ፣ ተራ የዩኤስቢ ኪቦርድ በኦቲጂ ገመድ አንድሮይድ ስልክ ላይ ይሰካል፣ አብዛኛው ስልክ ይቀበለዋል፣ ላፕቶፕ እስኪገዛ ጣት ለማፍታታት ከዚህ የሚረክስ ነገር አላውቅም። ደሴ ኅዳር ጠዋት ላይ ጣት አይታዘዝም፣ እሱን ከሰዓት አድርጉት።

ባጭሩ በሰንጠረዥ

| መንገድ | የኪቦርድ ሰዓት | ስህተት የሚያርም | አማርኛ | ወረቀት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| የግል ማሰልጠኛ | አንድ ሰው ለአንድ ማሽን ከሆነ ጥሩ | አለ፣ እንደ አሰልጣኙ | ጠይቁ | የቤቱ ሰርተፍኬት | መካከለኛ፣ ትራንስፖርት ይደመር |
| ፖሊ ቴክኒክ | በቂ፣ ግን ረጅም | አለ | እንደ ስልጠናው | ለሲኦሲ ያበቃል | ጊዜው ይበዛል |
| ፎቶ ኮፒ ቤት | በጣም ብዙ | ደንበኛው ራሱ | ከሁሉም የተሻለ | የለም | ጉልበት |
| ዩቲዩብ በላፕቶፕ | እንደ ጉብዝናችሁ | የለም | ራሳችሁ | የለም | ዳታ ብቻ |
| ስልክ | ትንሽ | የለም | ለመጻፍ ቀላል | የለም | ከሁሉም ያነሰ |

ለማን የቱ

ውጤት እየጠበቀ ያለ ልጅ፣ ላፕቶፕ ከሌለው፣ ክረምቱን አንድ ወር ማሰልጠኛ ገብቶ ቀሪውን ፎቶ ኮፒ ቤት ይዋል። በዚህ ቅደም ተከተል ነው፣ ሲገለበጥ መጥፎውን ልማድ ማስለቀቅ ያስቸግራል።

የመንግስት ሰራተኛ፣ በተለይ እድሜው ገፋ ያለ፣ ከወጣቶች ጋር ክፍል መግባት ይከብደዋል፣ ደግሞም የሚያስፈልገው ደብዳቤና ሪፖርት ብቻ ነው። ቢሮ ውስጥ ከምትጽፈው ልጅ ጋር በቀን ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ራሱ ኪቦርዱን ይዞ፣ እሷ በአፏ ብቻ እየነገረች። ማውሱን ከእጁ ከወሰደችበት ትምህርቱ አለቀ። ምሳ መጋበዝ ነውር የለውም።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዩቲዩብ ይበቃዋል፣ ግን ስታይልና ማውጫን ሁለተኛ ዓመት ላይ ይማር፣ ሰኔ ላይ ሳይሆን። ፋብሪካ ስቶር ውስጥ መቀጠር የሚፈልግ የኮምቦልቻ ልጅ ደግሞ ዎርዱን በአጭሩ ነክቶ ጊዜውን ኤክሴል ላይ ቢያውል ይሻለዋል፣ ስቶር ውስጥ የሚፈለገው እሱ ነው። የራሷን የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ስራ ልትከፍት የምታስብ እህት ካለች ማሰልጠኛ ትዝለለው፣ ጥቂት ወራት የሰው ፎቶ ኮፒ ቤት ሰርታ ትውጣ፣ ከዎርዱ በላይ የወረቀትና የቀለም ሂሳቡን የምትማረው እዛ ስለሆነ። በመንግስት ቤት ጸሐፊነት ለሚቀጠር ምርጫ የለውም፣ ፖሊ ቴክኒክ ገብቶ ሲኦሲውን ይፈተን።

ምንም ብር የሌለው በስልኩና በተዋሰው ኪቦርድ ይጀምር፣ ከዛ ፎቶ ኮፒ ቤት ይጠይቅ።

ማሰልጠኛ የምትመርጡ ከሆነ ደግሞ ሙሉውን አትክፈሉ፣ ቅድሚያ ከፍላችሁ አንድ ቀን ክፍል ግቡ፣ አሰልጣኙ "ጉዳዩ" የሚለውን ወደ መሀል በምን እንደሚወስደው እዩ፣ ስፔስ ከሆነ ብራችሁን ጠይቁና ውጡ።